የሚያደክመው አላርሙ እንጂ ህልሙ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጤና ዓምዳችሁ ህልም መሆኑን እያወቁ ስለማለም፣ ወጣቶች ሉሲድ ድሪም ስለሚሉት ነገር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ተከትለው የወጡትን ሁለት የአንባቢ ደብዳቤዎችም እንዲሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህ ልምምድ እንቅልፍ እንደሚበላና ሰውን እንደሚያደክም ነግረውናል። ሁለተኛዋ ደግሞ ከእንዲህ ያለ ህልም ሲነቁ ታድሰው እንደሚነሱ ጽፈዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት፣ አልዋሹም። ችግሩ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ የሚያወሩት ህልሙን ለማምጣት ስለሚደረገው ትግል ነው። ሁለተኛዋ የሚያወሩት ስለ ህልሙ ራሱ ነው። ጽሑፋችሁም ይህን ሳይለይ ነው ያለፈው። ለዚህ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም ዓይነት ሰው በቤቴ ውስጥ አይቻለሁ። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ለእኔ እንዲህ ያለው ህልም ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጠራው ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ነው። አሁን አሁን የሚመጣው በሥራዬ በኩል ሆኗል። በህልሜ መዝገብ ገልጬ ድምር አመሳክራለሁ። የአንዱን ዓምድ ድምር አይቼ ዞር እላለሁ። መልሼ ሳየው ቁጥሩ ሌላ ሆኗል። አሁንም ደግሜ ሳየው ጭራሽ ቁጥርነቱ ቀርቶ ጭረት ጭረት ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። በውኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢገጥመኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። በህልሜ ግን "እንዴ! ይሄማ ህልም ነው" እላለሁ። ከዚያ መዝገቡን እንደተከፈተ ትቼው እወጣለሁ። ብዙ ጊዜ የማደርገው ነገር በእግር መሄድ ነው። ዛፍ ካለ ቅጠሉን ቀረብ ብዬ አያለሁ፣ ግድግዳ ካለ በመዳፌ እዳስሳለሁ። ሻካራነቱ እጄ ላይ ይሰማኛል። ያ ሁሉ ነገር ከራሴ አእምሮ የወጣ መሆኑን እያወቅኩ መዳሰሱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ትንሽ ቆይቶ ወይ እነቃለሁ፣ ወይ ማወቄ ይጠፋና ወደ ተራ ህልም እመለሳለሁ። ጠዋት ስነሳ እንደማንኛውም ቀን ነኝ። ሥራ ገብቼ አላዛጋም። እንዲያውም የዚያን ቀን ልቤ ቀለል ይለዋል።

ቁጥርና ጽሑፍ በህልም ውስጥ አለመርጋቱ የእኔ ብቻ ነገር አይደለም። ልምምዱን የሚያስተምሩ ሰዎች ለመፈተሻ የሚጠቀሙበት ነው። ቀን ላይ የእጅ ሰዓትህን ወይም አንድ መስመር ጽሑፍ አይተህ ዞር በልና መልሰህ እይ ይላሉ። ቀን የለመድከውን በህልምህም ታደርገዋለህ፣ ያን ጊዜ ጽሑፉ ሲለዋወጥ ህልም መሆኑን ታውቃለህ ነው ነገሩ። አፍንጫን በጣት ይዞ ለመተንፈስ መሞከርም አለ። በህልም ከሆነ አፍንጫህ ተይዞም አየሩ ይገባል።

ወደ ወንድሜ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንድ ቀን የመዝገቡን ህልም ሳጫውተው ዓይኑ በራ። ስልኩን አወጣና ስለዚህ ነገር የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ሲያይ አመሸ። በማግስቱ "እታለም፣ አንቺ በነጻ የምታገኚውን እኔ በልምምድ አመጣዋለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። ምን ክፉ አለው? ልጁ ዕፅ አልጠየቀ፣ ሌሊት ውጭ አላደረ። ሊያልም ነው የፈለገው።

ከዚያ አላርሙ መጣ። የእሱና የእኔ ክፍል የሚለያየው ስስ ግድግዳ ነው። ስልኩን ድምፅ እንዳያሰማ ንዝረት ላይ አድርጎ ትራሱ ሥር ይወትፈዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያ ንዝረት አልጋውን አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። ከዚያ የመብራት ማብሪያው ቀጭ ይላል። የደብተር ገጽ ሲገለጥ እሰማለሁ። ያየውን ህልም እየጻፈ ነው። ከዚያ ዝም ይላል። ልክ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል 11 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ይነዝራል። ቁርስ ላይ ዓይኑ ደም መስሎ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይቀመጣል። ሳናግረው ከሩቅ እንደሰማኝ ሁሉ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ፈተናው እየደረሰ ነበር። አንድ ማለዳ "ህልሙ አደከመኝ እኮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ያደርኩ ነው የሚመስለኝ" አለኝ።

እኔ ደግሞ ሙያዬ ነውና እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ደጋፊ ሰነድ እጠይቃለሁ። ደብተሩን አመጣ። ጎበዝ ልጅ ስለሆነ በየቀኑ ጽፎታል። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ አላርም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ያለመው እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ ጠዋት እንዴት እንደነቃ። አብረን ተቀመጥንና ሌሊቶቹን ለየናቸው። አላርም ኖሮ ህልሙ የመጣበት ሌሊት፣ አላርም ኖሮ ህልሙ ያልመጣበት፣ ያለ አላርም ያደረበት። ቁልጭ ብሎ ታየ። ጠዋቱን የሚያበላሸው አላርሙ ነው። ህልሙ መጣም ቀረም፣ በንዝረት የተቆረጠ ሌሊት ድካም አለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አላርም ኖሮ ህልሙ የቀረበት ሌሊት ነበር። ህልሙ በመጣበት ጠዋት ድካም ቢኖርም "ደህና ነኝ" የሚል ይበዛል። በቀረበት ጠዋት "ራሴን ያዞረኛል፣ ተመልሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም" ይላል።

ደብተሩን ደጋግሜ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ከነቃ በኋላ ቶሎ ተመልሶ የተኛ ሌሊት ህልሙም ይመጣል፣ ጠዋቱም ደህና ይሆናል። አልጋ ላይ ሲገላበጥ የቆየ ሌሊት ህልሙም አይመጣም፣ እንቅልፉም ይሄዳል። ሁለቱንም ያጣል ማለት ነው።

አንድ ቤት ውስጥ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው። ግን ዴንሆልም አስፒ የሚባል ተመራማሪ አውስትራሊያ፣ አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራውን ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቶ ነበር። ሦስት ዘዴዎችን አጣምረው ለአንድ ሳምንት የሞከሩ 47 ሰዎች ነበሩት። አንደኛው ቀን ላይ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ሁለተኛው ከአምስት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ነቅቶ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መተኛት ነው። ሦስተኛው ማይልድ የሚባለው ነው። ተመልሰህ ስትተኛ "ቀጥሎ ሳልም፣ እያለምኩ መሆኔን አስታውሳለሁ" እያልክ፣ በፊት ያየኸውን ህልም በሐሳብህ ትመለስበታለህ። እነዚህ ሰዎች ከሞከሩባቸው ሌሊቶች በ17 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። ማይልዱን ጨርሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳቸው ግን ወደ 46 በመቶ ደርሰዋል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ደግሞ ይሄ ነው። በማይልድ የተሳካላቸው ሰዎች በማግስቱ ካልተሳካላቸው ያነሰ የእንቅልፍ እጥረት ነው የተሰማቸው። ተመራማሪው ከዚህ ተነስቶ ህልሙ ራሱ የእንቅልፍን ጥራት አይጎዳም ብሏል። የወንድሜ ደብተር የሚለውም ይህንኑ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ አይከብድም። ሌሊቱን ሙሉ የምንተኛው እንቅልፍ አንድ ዓይነት አይደለም። እየተደጋገመ የሚመጣ ዙር አለው። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥልቁ እንቅልፍ ያመዝናል። ቢጠሩት የማይሰማ፣ ቢቀሰቅሱት ግራ ተጋብቶ የሚነሳ ሰው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ንጋት ሲቃረብ ደግሞ ሬም የሚባለው እየረዘመ ይሄዳል። ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲህ ወዲያ ይሯሯጣል፣ የሰውነት ጡንቻ ይፈታል፣ ህልሙ ይበዛል። ይህን የእንቅልፍ ክፍል ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1953 ለዓለም አስተዋወቁት። እያወቁ ማለም በአብዛኛው የሚከሰተው በዚህ ክፍል ነው፣ ያውም በንጋቱ ረጅም ሬም ውስጥ።

አላርሙ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚደረገው ለዚህ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው አልፏል፣ ረጅሙ ሬም ከፊት ነው። እስከዚህ ድረስ ብልህ ዘዴ ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ተማሪ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይተኛል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሳል እንበል። ሰባት ሰዓት ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የሚመክሩት እሱኑ ነው። አሁን 11 ሰዓት ላይ አላርም ይጨመርበት። 45 ደቂቃ ነቅቶ ይቆይ እንበል። መልሶ ለመተኛት ሌላ ግማሽ ሰዓት ይውሰድበት። ሰባቱ ሰዓት ከስድስት በታች ወረደ። የተቀነሰው ደግሞ ለማግኘት የተነሳው የንጋት ሬም ነው። በሳምንት አራት ሌሊት እንዲህ ካደረገ አምስት ሰዓት ከሚተኛው ላይ ጎደለ። ወንድሜ ደግሞ የ9 ሰዓቱን ጨምሮበት ነበር። ያ ገና ከሦስት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ነው። ለህልሙም ብዙ አይጠቅም፣ ጥልቁን እንቅልፍ ግን ሊያቋርጠው ይችላል።

ህልሙ ራሱ ግን ከሌሊቱ ምን ያህሉን ነው የሚይዘው? ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ሬም ውስጥ ያሳልፋል። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እያወቁ ቢያልፉ ሌሊቱ ባዶ አይሆንም። በእነዚያ ደቂቃዎች አንጎል ከተራው ህልም ይልቅ ነቃ ማለቱ እውነት ነው። ልብም ፈጠን ይላል፣ ዓይንም ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ግን አሁንም እንቅልፍ ላይ ነው። ይህ በመሣሪያ የተረጋገጠ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሐል ዩኒቨርሲቲ፣ ኪት ኸርን እ.ኤ.አ. በ1975 አለን ዎርስሊ የሚባለውን ህልመኛ የአንጎሉንና የዓይኑን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ገጥሞለት አስተኛው። ሬም ላይ ሰውነት አይታዘዝም፣ ዓይን ግን ይታዘዛል። ዎርስሊ በህልሙ ውስጥ ሆኖ ቀደም ብለው በተስማሙበት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሰጠ። ስቲቨን ላበርዥም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ ለብቻው ያንኑ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ ለእኔ ሙያ የሚቀርብ ነው። በአራት አገሮች ያሉ ቤተ ሙከራዎች ለተኙ ሰዎች ጥያቄ አቀረቡ። ከስምንት ስድስት ሲቀነስ ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ አንድ ህልመኛ ዓይኑን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ መለሰ። ተኝቶ ሒሳብ መሥራት! ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጽሑፋችሁ "በተደጋጋሚ እያወቁ የሚያልሙ ሰዎች እንቅልፋቸው የተረበሸ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ይህ ከአየር የመጣ አባባል አይደለም። መጠይቅ ሲሞላ እንዲህ ያለ ግንኙነት ይታያል። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ሚካኤል ሽሬድልም አሉበት፣ ነገሩን ጠጋ ብለው አዩት። ቅዠት የሚበዛባቸውን ሰዎች ግምት ውስጥ ሲያስገቡ ግንኙነቱ ጠፋ። ቅዠት ያለበት ሰው እንቅልፉ ይረበሻል። ቅዠት ያለበት ሰው ደግሞ በህልሙ ውስጥ ሆኖ "ይሄ ህልም ነው" ብሎ የማወቅ ዕድሉ ብዙ ነው። ሁለቱ አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። በእኔ ሥራ ሁለት ወጪዎች በአንድ ወር አብረው ቢያድጉ አንዱን በሌላው አላመካኝም። ይህን አለመለየታችሁ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ጋዜጣችሁን የሚያነብ ቅዠታም ሰው ሊጠቅመው የሚችለውን ነገር ፈርቶ ይተወዋል።

በቅዠት የሚሠቃይ ሰው በቅርብ የማያውቅ ካለ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኔ አውቃለሁ። የቅርብ ጓደኛዬ ለዓመታት ያንኑ ህልም እያየች ጮኻ ትነሳ ነበር። መተኛት ራሱ አስፈራት። አልጋ ላይ ላለመውጣት ምክንያት እየፈለገች ታመሽ ነበር። እንደ እሷ ላሉ ሰዎች ህልሙን በህልምነቱ አውቀው አካሄዱን እንዲለውጡት የሚያስተምር ሕክምና ተሞክሯል። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በ23 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ቅዠቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሐቁን ሙሉ ለመናገር አጠቃላይ የእንቅልፍ ጥራታቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ጊዜ ጮኻ የምትነሳ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ብትነሳ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛዬ በባለሙያ እርዳታ ህልሟን ቀን ላይ ጽፋ፣ መጨረሻውን ለውጣ፣ በሐሳቧ እየደጋገመች ነው የተሻላት። ሉሲድ ድሪምም አላስፈለጋት።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ። ልምምዱን በጅምላ የሚያሞግሱትም አስግተውኛል። ሁለተኛዋ ጸሐፊ "ማንም ቢሞክረው አይጎዳም" ብለዋል። እዚህ ላይ አልስማማም።

ንሪት ሶፈር ዱዴክ የምትባል የእስራኤሉ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ተማሪዎችን ለሁለት ወር ተከታትላ ነበር። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እንዲህ ያለ ህልም ማየት ብቻውን ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር አልተያያዘም። ህልሙን ሆን ብሎ ለማምጣት መለማመድ ግን በሁለቱ ወራት ውስጥ ከራስና ከአካባቢ የመነጠል ስሜት ከፍ ከማለቱ ጋር ተያይዟል። እዚህም ልዩነቱ ያው ነው። ህልሙ ሌላ፣ ልምምዱ ሌላ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ጽሑፍ እንቅልፍን ከመቆራረጡ ባሻገር የህልምና የውን ድንበር እየተደባለቀ የሚሄድበትን አደጋ አንስታለች። ቀኑን ሙሉ "ይሄ እውን ነው ወይስ ህልም?" ብሎ መጠየቅ ለጤነኛ ሰው ጨዋታ ሊሆን ይችላል። የሌለ ድምፅ ለሚሰማው፣ ነገሩ ሁሉ እውን አልመስል ለሚለው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ዱካክም አለ። ዋይልድ የሚባለው ዘዴ ሰውየው ሳይተኛ፣ ማወቁን ሳይለቅ በቀጥታ ወደ ህልም እንዲገባ ይጠይቃል። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ሲተኛ ያ በሬም ጊዜ የሚመጣው የጡንቻ መፈታት ሰውየው እያወቀው ሊይዘው ይችላል። እጅና እግር አይታዘዝም፣ ደረት ይከብዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስላል። በጥቂት ሴኮንድ ወይም ደቂቃ ውስጥ ይለቃል፣ በራሱም አይገድልም። ግን ያልጠበቀው ወጣት ከዚያ በኋላ ለመተኛት ይፈራል። ፈርቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ አያርፍም። ወንድሜ አንድ ሌሊት ደርሶበት ክፍሌ ድረስ ሮጦ መጣ። "እታለም፣ መብራቱን አታጥፊው" አለኝ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ። ከዚያ ወዲያ ዋይልዱን እርግፍ አድርጎ ተወው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ አሳሰበኝ። አንዳንድ ቪዲዮዎች ጋላንታሚን የሚባል መድኃኒት ሲያስተዋውቁ አይቻለሁ። ይህ ለመርሳት በሽታ፣ ለአልዛይመር የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ላበርዥና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት 121 ሰዎች ሞክረውታል። ሁሉም ልምምዱን ያውቃሉ፣ ሁሉም ሌሊት ተነስተው ነው የወሰዱት። መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱበት ሌሊት 14 በመቶው ተሳካላቸው። 4 ሚሊግራም ሲወስዱ 27፣ 8 ሚሊግራም ሲወስዱ 42 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን መድኃኒቱ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ የልብን ምት ሊያዘገይ ይችላል፣ እንቅልፍም ሊያሳጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለህልም ብሎ መዋጥ በልብ መጫወት ነው። እባካችሁ ስለዚህ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጡ፣ በትልልቁ።

ወንድሜ ልምምዱን አልተወም። እኔም ተው አላልኩትም። የሚወደውን ነገር ከልጁ መንጠቅ አልፈልግም። የተስማማነው ግን በአላርሙ ላይ ነው። በማግስቱ ትምህርት ወይም ፈተና ካለ አላርም የለም። አርብና ቅዳሜ ሌሊት ብቻ፣ ያውም ጠዋት እስኪበቃው መተኛት ከቻለ። አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል፣ የ9 ሰዓቱ ቀርቷል። ነቅቶ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ስልኩ ላይ አያፈጥም። ህልሙን ጻፍ ጻፍ ያደርግና መብራቱን ያጠፋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተኛ ማይልዱን ይተወዋል፣ ዝም ብሎ ያርፋል። በሳምንቱ መሀል ደግሞ ያለ አላርም ነው የሚለማመደው። ማታ ሲተኛ ሐሳቡን ያሰናዳል፣ ጠዋት በራሱ ሲነቃ ያየውን ይጽፋል። ብዙ ሰው ወደ ንጋት በራሱ አንድ ሁለት ጊዜ ብንን ይላል። ያን ጊዜ ማይልዱን መሞከር ከእንቅልፉ ብዙ አይቀንስበትም። ህልሙ እንደበፊቱ አይበዛለትም። ቁርስ ላይ ግን አሁን ይጨዋወታል።

ለማንም የሚሆን ቀላል መለኪያ አለ ብዬ አምናለሁ። ጠዋት "ህልሙ መጣ ወይ?" ከማለት በፊት "ስንት ሰዓት ተኛሁ? ስንት ጊዜ ተነሳሁ? እንዴት ነቃሁ?" ብሎ መጻፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ቀን ቀን ዓይን የሚከደን ከሆነ፣ ያነበቡት አልገባ ካለ፣ በትንሽ በትልቁ ቁጣ ከመጣ፣ መኪና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ መሪ ላይ ማንቀላፋት ከጀመረ፣ አላርሙን ዛሬውኑ ማቆም ነው። እንቅልፍ እንቢ የሚለው ሰው፣ በፈረቃ የሚሠራ፣ ሌሊት ሕፃን የምታጠባ እናት ከነጭራሹ በአላርም አይጀምሩት። የእነሱ ሌሊት አስቀድሞ የተቆራረጠ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በዚያ ጽሑፋችሁ ጎን በሣጥን ውስጥ ያወጣችሁት መመሪያ "ከተኙ ከአምስት ሰዓት በኋላ አላርም ሞልተው ይነሱ" ይላል። ከዚያ በላይ ምንም የለም። በየስንት ቀኑ? ማን? ጠዋት ሥራ ያለውስ? የጎደለውን እንቅልፍ መቼ ይተካው? ወጣቶች ያንን ሣጥን ስልካቸው ላይ ፎቶ አንስተው እየተላላኩት ነው፣ ወንድሜም ከጓደኛው ደርሶታል። በሚቀጥለው እትም ሣጥኑን እነዚህን ሁኔታዎች ጨምራችሁ፣ አንድ የእንቅልፍ ሐኪም አይቶት፣ በዚያው ገጽ በዚያው ቦታ መልሳችሁ እንድታወጡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ